የቢዝነስ ፒኤችዲ የምርምር ዘዴ ኮርስ፦ ምዕራፍ ሦስትን ከመገልበጥ ሌላ ምን እናስተምር?

ከዚራ_መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ለቢዝነስ ፒኤችዲ የሚሰጥ የምርምር ዘዴ ኮርስ እያዘጋጀሁ ነው። ተማሪዎቹ ስምንት ናቸው፤ አራቱ ከአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ሦስቱ ከማኔጅመንት፣ አንዷ ከማርኬቲንግ። 16 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት። የኮርሱ መግለጫ የተለመደው ነው፦ ፓራዳይም (ስለ ዕውቀት የሚያዝ የፍልስፍና አቋም)፣ ዲዛይን፣ ናሙና፣ መጠይቅ፣ ትንተና፣ መጨረሻ ላይ የፕሮፖዛል አጻጻፍ። ይህን ሁሉ ማስተርስ ላይ ተምረውታል። ያም ሆኖ ሲመጡ የሚይዙት «የእገሌ ነገር ተጽዕኖ በእገሌ ነገር ላይ፦ በድሬዳዋ» የሚል ርዕስና ከሌላ ጥናት የተገለበጠ ምዕራፍ ሦስት (የምርምር ዘዴው ምዕራፍ) ነው። ኮርሱን የምታውቁት ምን እንደምታሠሩ፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከልና ለምን እንደሆነ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ቁጥርና_ቃል
ከፓራዳይም አትጀምር። አንደኛ ሳምንት ላይ ከሰጠኸው «ጥናቱ ፕራግማቲዝምን ይከተላል» ብለው አንድ አንቀጽ ይጽፉና ይገላገሉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስኑትን አንዱንም አይነካም። ወደ ስምንተኛው ሳምንት ግፋው፤ ያኔ የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያው ሰዓት ኮምፒውተር ይዘጋ። ሰሌዳው ላይ «የሥልጠና ተጽዕኖ በአነስተኛ ድርጅቶች ትርፍ ላይ» ብለህ ጻፍ። እያንዳንዱ ተማሪ በግማሽ ገጽ ይመልስ፦ ሥልጠናው ትርፍ የሚጨምር ቢሆን መረጃው ላይ ምን እናያለን? ምንም የማይጨምር ቢሆንስ? አብዛኛው ሰው ለመጀመሪያው «የሠለጠኑት የበለጠ ያተርፋሉ» ይላል፤ ለሁለተኛው «ልዩነት አይኖርም»። ሁለተኛው መልስ ላይ ያዛቸው። ወደ ሥልጠና የሚሄደው መጀመሪያውኑ ታታሪ የሆነው ነጋዴ ከሆነ፣ ሥልጠናው ምንም ባይፈይድም ልዩነቱ ይታያል።

ሁለተኛው ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ይከፈት፤ አር ወይም ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር። የፈጠራ መረጃ ይሥሩ፣ 300 ነጋዴ። ለእያንዳንዱ ነጋዴ አማካዩ 0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 የሆነ «ትጋት» በዕጣ ይውጣለት። ሥልጠና ማለት 0.7 ጊዜ ትጋት ሲደመር 0.7 ጊዜ ሌላ የዘፈቀደ ቁጥር ነው። ትርፍ ማለት 0.5 ጊዜ ትጋት ሲደመር ሌላ የዘፈቀደ ቁጥር። ትርፉ ውስጥ ሥልጠና የሚባል ነገር የለም፤ እውነተኛው ተጽዕኖ ዜሮ ነው። አሁን ትጋትን ይደብቁትና ትርፍን በሥልጠና ላይ ሪግሬስ ያድርጉ፣ ማለትም ሥልጠና ሲጨምር ትርፍ ምን ያህል እንደሚለወጥ ያስሉ። ኮኤፊሸንቱ (የተገመተው ለውጥ) 0.36 አካባቢ ይመጣል፣ ቲው ከ5 በላይ፣ ሦስት ኮከብ፤ ማለትም በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። «ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ወደ 3000 ያሳድገው። 0.36 ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ስታንዳርድ ኤረሩ (የግምቱ ስህተት ስፋት) ብቻ ይጠባል። ኮዱ ከአሥር መስመር አይበልጥም። «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ከርዕሳቸው ላይ በገዛ እጃቸው ማውጣት የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ጁገል
ልምምዱ ግሩም ነው፣ ግን ሦስቱ የማኔጅመንት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን «ምርምር ማለት ሪግሬሽን ነው» ብለው እንዲወጡ ያደርጋል። ያንን የግማሽ ገጽ ጥያቄ ለቃለ መጠይቅ ጥናትም ጠይቋቸው፦ የቤተሰብ ንግድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚያጣላው ገንዘብ ነው የምትል ከሆነ፣ ገንዘብ ባይሆን ኖሮ ከማን አፍ ምን እንሰማ ነበር?

ሌላው የምርምር ክፍተት የሚባለው ነገር ነው። «በዚህ ርዕስ ድሬዳዋ ላይ የተሠራ ጥናት የለም» ክፍተት አይደለም። ጎዴም ላይ አልተሠራም። ቦታው ሊጠቀስ የሚገባው የሚለውጠው ነገር ሲኖር ነው። ድሬዳዋ የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ናት፣ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና አላት፤ ይህ በአስመጪዎች የዕቃ ክምችት ወይም በብድር ፍላጎት ላይ ለምን ለውጥ ማምጣት እንዳለበት በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ርዕሱን ይቀይር።

ንባብ አታብዛ። በሳምንት ስድስት ጽሑፍ ከምትሰጥ ሁለት ስጥና ሠንጠረዦቹን ብቻ ይዘው ይምጡ። ሠንጠረዥ 2 ላይ የምልከታዎች ብዛት 412 ከነበረ ሠንጠረዥ 5 ላይ ለምን 287 ሆነ? እነማን ወጡ? ከማጠቃለያው የሚጀምር አንባቢ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

ድሬ_ፋይናንስ
ስለ ናሙና ልጻፍ፤ ዲፌንስ (ተማሪው ጥናቱን በኮሚቴ ፊት የሚከላከልበት) ላይ ደም የሚፈሰው እዚያ ነው።

አቦ፣ ይቺ የያማኔ ቀመር! ጠቅላላውን ብዛት፣ ለ1 ሲደመር ብዛቱ ጊዜ የስህተት ወሰን ስኩዌር ታካፍላለህ። 1200 ነጋዴና 5 በመቶ ስህተት ከሆነ 1200 ጊዜ 0.0025 ይሆናል 3፤ 1200 ለ4 ሲካፈል 300። ንጹሕ ቁጥር፣ ሁሉም ይወደዋል። ቀመሩ ግን የተሠራው አንድን ምጣኔ ለመገመት ነው፤ ለምሳሌ «ስንት በመቶው በሞባይል ይከፍላል» ለሚለው። ምጣኔው 50 በመቶ ነው ብሎ፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት ይዞ፣ ናሙናው በቀላል ዕጣ ወጥቷል ብሎ ይነሳል። ሞዴልህ ውስጥ ስንት ተለዋዋጭ እንዳለና የምትፈልገው ተጽዕኖ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አያውቅም።

መላምት ለሚፈትን ሰው ጂፓወር የሚባለውን የናሙና መጠን ማስያ አሳየው፤ በነፃ ይወርዳል። አምስት ገላጭ ተለዋዋጭ፣ መካከለኛ የሚባለው ተጽዕኖ ማለትም ኤፍ ስኩዌር 0.15፣ አልፋ (የሌለን ተጽዕኖ አለ የማለት ዕድል) 0.05፣ ፓወር (ያለን ተጽዕኖ የማግኘት ዕድል) 0.80 ካስገባህ 92 ይልሃል። ተጽዕኖውን ወደ 0.02 ዝቅ አድርገው፣ ወደ 650 ይጠጋል። 300ው ለአንዱ ሦስት እጥፍ፣ ለሌላው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ከዚህ ይከፋል። ተማሪው ከ15 የባንክ ቅርንጫፍ 20፣ 20 ሠራተኛ ወስዶ «300 ሰው» ይላል። የአንድ ቅርንጫፍ ሰዎች አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ወሬ ነው ያላቸው። በቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ተመሳሳይነት 0.05 ብቻ ነው እንበል። 1 ሲደመር 19 (ከ20ው አንድ ሲቀነስ) ጊዜ 0.05 ይሆናል 1.95። 300ን ለ1.95 አካፍል፤ ያለህ መረጃ የ154 ሰው ያህል ነው። መፍትሔው ከየቅርንጫፉ የሚወሰደውን ሰው ቀንሶ ቅርንጫፍ ማብዛት ነው። 30 ቅርንጫፍ እያንዳንዱ 10 ሰው ቢሆን 207 ይደርሳል፣ በዚያው 300 መጠይቅ።

ከዚራ_መምህር
ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን ኮሚቴው ያማኔን ካላየ «ናሙናውን በምን አሰላኸው» ይላል። ተማሪውን ከኮሚቴ ጋር ላጋጨው?

ድሬ_ፋይናንስ
ለምን ይጋጫል? ሁለቱንም ያስላና ትልቁን ይውሰድ። አንድ አንቀጽ ለፓወር፣ አንድ አንቀጽ ለያማኔ፣ ከዚያ «የሚበልጠው ተወስዷል» ይበል። ሰዎቹ ቀመር ማየት ነው የሚፈልጉት፤ አዩ።

ሰብለ_ገበያ
ዶክተር፣ ለማርኬቲንግ ተማሪዋ ልከራከርላት። እሷን የሚጥላት ናሙና ሳይሆን መለኪያ ነው።

ክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር) 0.70 አለፈ ማለት ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ይለካሉ ማለት አይደለም፤ አልፋ በጥያቄ ብዛት ይነፋል። በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ዝምድና 0.3 ብቻ ይሁን። አምስት ጥያቄ ካለህ አልፋው 0.68 ነው፣ አሥር ካለህ 0.81፣ ሃያ ካለህ 0.90። ጥያቄዎቹ አልተሻሻሉም፣ በዝተዋል እንጂ። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ ይሥሩት፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ትርጉም ላይ፦ እዚህ ከተማ መጠይቅ ቢያንስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይኖራል፤ ሐረር ከሆነ ሐረሪም ይጨመራል። ለየቋንቋው ሁለት ተርጓሚ ለየብቻቸው ይተርጉሙ፣ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ መነሻው ይመልስ፣ ከዚያ ልዩነቶቹ ላይ ሁሉም ተቀምጠው ይስማሙ። ይህን ብዙዎች ያደርጉታል። የሚዘለው ቀጣዩ ነው፦ በየቋንቋው ከስድስት እስከ ስምንት ለሚሆኑ ነጋዴዎች ጥያቄውን አንብቦ «ምን ተጠየቅክ? በራስህ አባባል ንገረኝ» ማለት። 30 ሰው ላይ ፓይለት (የሙከራ ጥናት) ሠርቶ አልፋ ማስላት ይህንን አይተካም። ሠላሳውም ጥያቄውን በአንድ ዓይነት መንገድ በስህተት ከተረዱት አልፋው ያምራል።

በተለይ አሉታዊ ጥያቄዎችን ጠብቅ። «ደንበኞቼ በአገልግሎቴ ደስተኞች አይደሉም» የሚለውን መረጃ ሰብሳቢው ጮክ ብሎ ሲያነብለት ነጋዴው «አልስማማም» ይላል። አይደሉም ማለቱ ነው ወይስ ናቸው? ሰብሳቢውም ቆም ብሎ አይጠይቅም፣ 2ን ያከብበዋል። በኋላ ፋክተር አናሊሲስ (አብረው የሚሄዱ ጥያቄዎችን የሚቧድን ትንተና) ሲሠራ አሉታዊዎቹ ሁሉ ለብቻቸው ይሰበሰቡና ተማሪው «አዲስ ገጽታ አገኘሁ» ብሎ ስም ያወጣለታል። ቃል በቃል በሚነበብ መጠይቅ ሁሉንም በአዎንታ ጻፉ፤ ሰውየው ለሁሉም «እስማማለሁ» እንዳይል የምትፈሩ ከሆነ አማራጮቹን ተጨባጭ አድርጉ፣ «ባለፈው ወር ስንት ደንበኛ ዕቃ መለሰ» እንደማለት።

ሌላው፣ የገበያ ተኮርነቱንም የሽያጭ ዕድገቱንም ያው አንድ ባለሱቅ በአንድ ተቀምጦ ሲመልስ ዝምድናው ከሰውየው ስሜት ይመጣል። ተማሪዎች የሀርማንን ፈተና (አንድ ፋክተር ብቻውን የመልሶቹን ልዩነት ስንት በመቶ እንደሚይዝ የሚያየውን) ሠርተው «ከ50 በመቶ በታች ነው፣ ችግር የለም» ይላሉ። ፈተናው ደካማ ነው፤ ችግር እያለም ያሳልፋል። መድኃኒቱ ከመሰብሰብ በፊት ነው፦ ውጤቱን ከሌላ ምንጭ መውሰድ፣ ካልተቻለ ሁለቱን ክፍሎች በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ልዩነት መጠየቅ።

ታይዋን_ተራ
የመጠይቁ ነገር ከተነሳ ሜዳው ላይ የሚሆነውንም ጨምሩበት። ክፍል ውስጥ ማንም አያስተምረውም።

የንግድ ፈቃድ ዝርዝር ተቀብሎ ወዲያው ዕጣ ማውጣት የለም። ዝርዝሩ ውስጥ የተዘጋ አለ፣ አድራሻ የቀየረ አለ፣ በአንድ ባለቤት ሦስት ፈቃድ አለ። መጀመሪያ 50 ስም በዕጣ አውጥቶ በእግር ሄዶ ማየት ነው። ከ50ው 32ቱ ብቻ ከተገኙ ምጣኔው 0.64 ነው፤ 300 ለማግኘት 469 ስም ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ቢሆን ጥሩ ነው።

ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ። ሰብሳቢው ስምንት ሰዓት ላይ ቀፊራ ገበያ ሄዶ ክፍት ያገኘውን ብቻ ከጠየቀ ናሙናው የተወሰነ ዓይነት ነጋዴ ይሆናል። የተዘጋውን ትቶ ጎረቤቱን መጠየቅ ደግሞ ዕጣውን ማፍረስ ነው። ደንቡ ይጻፍ፦ ለአንድ ስም ሦስት ሙከራ፣ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ አመሻሽ፣ አንዱ ቅዳሜ፤ ምትክ የለም፣ ያልተገኘው «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል። ኮቦ ቱልቦክስ (በስልክ መጠይቅ የሚሞላበት መተግበሪያ) ላይ ከሞሉት ሰዓቱም ቦታውም አብሮ ይያዛል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

ማኅተም ያለው ደብዳቤ በር ይከፍታል፣ አፍ ግን ይዘጋል። ወረቀት ይዞ ሽያጭ የሚጠይቅ ሰው ለባለሱቁ ገቢዎች ነው። ስለዚህ የሽያጭ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ቁጥርና_ቃል
ስለ ሽያጭ አንድ ልጨምር። ስሪላንካ ውስጥ በጥቃቅን ድርጅቶች ላይ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ባለቤቶቹ ሽያጫቸውን 30 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርገው እንደሚናገሩ አሳይቷል፤ ዝርዝር ገቢና ወጪ አስቆጥሮ ከመቀነስ ይልቅ «ወጪህን ሁሉ ከፍለህ ባለፈው ወር ምን ተረፈህ» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ተማሪዎች ግን አሥራ ሁለት መስመር የወጪ ሠንጠረዥ ይዘው ይሄዳሉ።

ጁገል
የቃለ መጠይቁን ሥራ ማንም ስላልነካው እኔው ልጨርሰው።

የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ወይም ቋንቋ የሚቀላቀልበት ከሆነ ከዚያም በላይ። ሃያ ቃለ መጠይቅ ያቀደ ተማሪ የጊዜ ሰሌዳው ላይ ለዚህ «2 ሳምንት» ብሎ ከጻፈ መልሱለት።

ኮዲንግ (ለጽሑፉ ክፍሎች የሐሳብ መለያ መስጠት) በተነገረበት ቋንቋ ይሁን። መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ከዚያ ኮድ ካደረጉ የተርጓሚውን ምርጫ ነው የሚተነትኑት። ለመጨረሻው ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይተርጎሙ። እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ፦ ሶፍትዌር ውስጥ «ሥራ» ብለህ ብትፈልግ «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አያመጣልህም። «ሀብት»፣ «ሃብት»፣ «ሐብት»ም እንዲሁ። አራት ሰው የገለበጠው ጽሑፍ አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ከመጀመራችሁ በፊት የፊደል ስምምነት በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ሁሉም ፋይል በዚያ ይስተካከል። «ይህ ቃል 14 ጊዜ ተነሥቷል» የሚል ሠንጠረዥ ካየሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ኮድ ሲያደርጉ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ሦስት ገጽ ለየብቻ ይሥሩና ያወዳድሩ። የሚለያዩበት ቦታ ላይ የኮዱ ትርጉም በደንብ አልተጻፈም ማለት ነው።

አባ_መሠንቆ
ኤስፒኤስኤስ ወይስ አር? ጦርነቱን ላስጀምረው።

ድሬ_ፋይናንስ
ምንም ይሁን፣ የትንተናው ትእዛዞች የተጻፉበት ኮድ ፋይል ይኑረው። ኤስፒኤስኤስም ሲንታክስ አለው። በመዳፊት ብቻ የሠራ ተማሪ ኮሚቴው «ያንን ባንክ አውጥተህ ድገመው» ሲለው ምን እንደነካ አያስታውስም። ቀጥሉ።

ለአራቱ የፋይናንስ ተማሪዎች፦ «የባንክ ትርፋማነትን የሚወስኑ ነገሮች፣ 15 ባንክ፣ 10 ዓመት» መምጣቱ የማይቀር ነው። መጀመሪያ የሚበላሸው የዘመን አቆጣጠር ነው። የ2015 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ነው፤ በፈረንጅ ግማሹ 2022፣ ግማሹ 2023። ተማሪው ስምንት ይደምርና የ2023ን የዋጋ ንረት ይለጥፍበታል። ወርኃዊውን የዋጋ መለኪያ ወስዶ የ12ቱን ወር አማካይ በበጀት ዓመቱ መሥራት ነው። ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ «2016» ስለተባለ ብቻ በ2016 በጀት ዓመት ረድፍ ላይ 1 የሚያስገባ አለ። ያ ቀን የ2017 በጀት ዓመት ነው። አንድ ዓመት የተዛነፈ ዳሚ (0 ወይም 1 የሚይዝ ተለዋዋጭ) ውጤቱን ይገለብጠዋል።

ቀጥሎ ጂኤምኤም፤ ያለፉ ዓመታትን ቁጥሮች ኢንስትሩመንት (የመገመቻ መሣሪያ) አድርጎ የሚጠቀም ዘዴ ነው። ዘዴው የተሠራው ድርጅቱ ብዙ፣ ዓመቱ ጥቂት ለሆነ መረጃ ነው። 15 ባንክ ይዞ ሶፍትዌሩ በራሱ 60 ኢንስትሩመንት ሲፈጥር የኢንስትሩመንቶቹን ትክክለኛነት የሚፈትሸው ሀንሰን ፈተና 1.000 ይላል፣ ተማሪውም «ተቀባይነት አለው» ብሎ ይጽፋል። 1.000 ጥሩ ዜና አይደለም፤ ፈተናው ራሱ ሞቷል ማለት ነው። ኢንስትሩመንቱ ከባንኮቹ ብዛት እንዳይበልጥ። ለ15 ባንክ እኔ ፊክስድ ኢፌክትን (እያንዳንዱን ባንክ ከራሱ ጋር የሚያነጻጽረውን) እመርጣለሁ፣ ስታንዳርድ ኤረሩም በዋይልድ ቡትስትራፕ (በዕጣ እየደጋገሙ በማስላት)፤ 15 ክላስተር (ቡድን፣ እዚህ ባንክ) ለተለመደው ማስተካከያ ጥቂት ነው።

ከዚራ_መምህር
አንዱ ተማሪ ነፃ የንግድ ቀጠናው በአስመጪዎች ላይ ያመጣውን ለውጥ ድሬን ከጅጅጋ ጋር እያነጻጸረ ማጥናት ይፈልጋል። ይሆናል?

ቁጥርና_ቃል
ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከነሐሴ 2014 በፊት ቢያንስ የሦስት ዓመት መረጃ ከሁለቱም ከተማ ማግኘት አለበት፤ የሁለቱ ከተሞች መስመሮች ቀድሞ ጎን ለጎን ይሄዱ እንደነበር ማሳየት ካልቻለ ንጽጽሩ የለም። እነዚያ ዓመታት ኮሮናና ጦርነት ያለባቸው ናቸው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የምንዛሬው ለውጥ አስመጪን ከሌላው ነጋዴ ለይቶ ይመታል። ሥዕሉን መጀመሪያ ይሳል፤ በየሩብ ዓመቱ፣ ሁለት መስመር፣ ምንም ሪግሬሽን ሳይሠራ። መስመሮቹ ከ2014 በፊት የሚጠላለፉ ከሆነ ርዕሱን ሌላ ሰው ይውሰደው።

ከዚራ_መምህር
ፈተናውንስ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

ሰብለ_ገበያ
የጽሑፍ ፈተና አይኑር። ለአንድ ጽሑፍ ባለሁለት ገጽ የገምጋሚ ሪፖርት 15፣ የመለኪያ ወይም የቃለ መጠይቅ መመሪያ 20፣ የታተመ ጥናትን እንደገና መሥራት 30፣ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የሚጻፍ የትንተና ዕቅድ 35። ዕቅዱን በቃል ይከላከሉት፣ 20 ደቂቃ። አንድ ነገር ቀይረህ ጠይቅ፦ «የንግድ ቢሮው ዝርዝሩን ባይሰጥህስ?» ምዕራፍ ሦስትን የገለበጠ ሰው እዚህ ላይ ይታወቃል።

ከዚራ_መምህር
የታተመውን ጥናት እንደገና ለመሥራት መረጃ ከየት?

ቁጥርና_ቃል
የዓለም ባንክ የድርጅቶች ዳሰሳ የኢትዮጵያ የ2011ና የ2015 እ.ኤ.አ. ፋይሎች ተመዝግበህ በነፃ ይወርዳሉ። «አላውቅም» የሚለው መልስ እዚያ -9 ተብሎ ነው የተቀመጠው። ሳትነግራቸው ስጣቸው። የሽያጭን አማካይ ሲያወጡ ማን አስቀድሞ ትንሹን ቁጥር እንዳየ ታውቃለህ።

ከዚራ_መምህር
የ2015ቱን አወረድኩት። የናሙና ክብደቱ ሦስት ዓይነት ነው። የትኛውን?

ቁጥርና_ቃል
መካከለኛውን፤ ባንኩ ራሱ ለሚያወጣቸው አመልካቾች የሚጠቀመው እሱን ነው። ስትራታውንም (ናሙናው የተከፈለባቸውን ምድቦች) አብረህ አስገባ፣ አለበለዚያ ስታንዳርድ ኤረሩ ከታተመው ጋር አይገጥምልህም።